ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ሜዳውን ማየት

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከጦር ኃይሎች ተነሳን። አየር ጤናን እስክንሻገር ያው የተለመደው መጨናነቅ ነው። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ቡታጅራ፣ ሌላው በሰበታ በኩል ወደ ጅማ። የጅማውን ያዝን። ፉሪ በስተግራ ወደ ኋላ ቀረ። ወጨጫ በስተቀኝ ጉም እንደ ለበሰ አብሮን ተጓዘ።

አራት ነን። የኤሌክትሪክ ኢንጂነር፣ አንዲት ወጣት ቀያሽ፣ መንገዱን አብጠርጥረው የሚያውቁት ሾፌራችን ጋሼ እና እኔ። የእኔ ሙያ የድሮ ቤቶች ጥገና ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ለመትከል ታስቧል። በዙሪያው ያሉት የቆዩ ሕንጻዎች ምን ይገጥማቸዋል? ያንን አይተን እንድንጽፍ ተጠይቀናል። የመንደሩን ስም እዚህ አልጽፍም። ጉዳዩ ገና ውሳኔ አላገኘም። ገበሬውም ስለ መሬቱ ልቡ ተንጠልጥሏል።

ሰበታን እንዳለፍን የበቾ ሜዳ ተዘረጋ። ኅዳር ነውና ጤፉ ወርቃማ ሆኗል። ገሚሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ገሚሱ ማጭድ ይጠብቃል። ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ ይህን ሜዳ ሲያጥለቀልቀው ያየ ሰው፣ አሁን መሬቱ እንዲህ ተሰነጣጥቆ ሲያገኘው ይገረማል። መረሬ መሬት ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ኢንጂነሩ ከመኪና ወርዶ መጀመሪያ ያየው ይህንኑ ነው። የፓነሉ ብረት እግር ሜትር ተኩልም ሆነ ሁለት ሜትር ቢቀበር፣ አፈሩ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ሲያደርገው ይጣመማል። ስለዚህ ጠለቅ ብሎ መቀበር አለበት። ጠለቅ ማለት ደግሞ ብዙ ምት፣ ብዙ ከባድ መኪና ማለት ነው። ይህን ማስታወሻዬ ላይ ከመስመር በላይ ጻፍኩት።

መንገድ ላይ ስንጨዋወት ቀያሿ ኢንጂነሩን ጠየቀችው። «ሕዳሴ ግድብ እያለ ሶላር ምን ያደርጋል?» ጥያቄዋ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ግድቡ ባለፈው ጳጉሜን ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። የአገራችን መብራት ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው። ዝናብ የከዳ ዓመት ሁሉም ግድብ አንድ ላይ ይጎድላል። ነፋሱን በአዳማ ጀምረነዋል፤ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ያመነጫል። ፀሐይ ደግሞ በጋ ላይ፣ ውሃው በሚቀንስበት ወራት ነው የምትበረታው። ቀን በፀሐይ ከሠራን የግድቡ ውሃ ለማታ ይቆጠባል። ኢንጂነሩ ይህን ሲያስረዳ ድምፁ ይሞቃል። እኔም አምኜበታለሁ። የመጣሁት ሥራውን ለማስቆም አይደለም።

መሬቱ ግን ይበላል። በግርድፉ ለአንድ ሜጋዋት ሁለት ሄክታር ያስፈልጋል። ሃምሳ ሜጋዋት ካልን መቶ ሄክታር ነው። የሄድንበት ሜዳ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች ዙሪያውን ተተክለዋል። ከአንዱ ችካል ወደ ሌላው በእግር ስንሄድ ቀኑ አለቀ። በስተምዕራብ አንድ ኮረብታ አለ። አናቱ ላይ በጽድና በወይራ የተከበበ ደብር ይታያል። ጉልላቱ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ብሏል። በስተምስራቅ ከሜዳው ጠርዝ ላይ አንድ የቆየ የሰገነት ቤት አለ። ወደ መንደሩ በሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ላይ ደግሞ የድንጋይ ድልድይ ተሻግረናል። ሦስቱንም በደብተሬ ላይ አሰፈርኩ።

በእጃችን ያለው ረቂቅ ሪፖርት በሜዳው ዙሪያ ክብ አስምሮ፣ በክቡ ውስጥ ያለውን ሕንጻ ሁሉ «ይታያል» እና «አይታይም» ብሎ ከፍሎታል። ደብሩ «ይታያል» ተብሏል። ከየት ሆኖ? በስንት ሰዓት? ማን ሲያየው? ስለዚህ አንድም ቃል የለም። ነገ ሌሊት ተነስተን ከደጀ ሰላሙ እንድንቆም የወሰንኩት ለዚህ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከመንደሩ አድረን 11 ሰዓት ላይ ኮረብታውን ወጣሁ። ኢንጂነሩና ቀያሿ ወደ ሜዳው ወረዱ። በፒክአፑ ሁለት ፓነል ጭነው ነበር። ቀያሿ በስሌት ባገኘችው ነጥብ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። አንዱ በአግድም ተነጠፈ። ሌላው እንደ ንድፉ አሥር ዲግሪ ወደ ደቡብ ዘንበል አለ። ከእነሱ እስከ እኔ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብሩ ከሜዳው 150 ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

ደጀ ሰላሙ ላይ ስደርስ ጸሎተ ኪዳን ተጀምሯል። ብርድ አለ። አንዲት እማሆይና ጥቂት እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ውጭ ቆመዋል። ሁሉም ወደ ምስራቅ ዞረዋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመን ስንጸልይ ወደ ምስራቅ መዞራችን ለሁላችንም የታወቀ ነው። ነገር ግን ያን ጠዋት ከእማሆይ ኋላ ቆሜ አሻግሬ ሳይ ነው የገባኝ። ወደ ምስራቅ የቆመ ሰው ፊት ለፊቱ ያለው ያ ሜዳ ነው። ካርታው ላይ ደብሩ ከሜዳው ሁለት ኪሎ ሜትር የራቀ ነጥብ ነው። እዚህ ግን ሜዳው የጸሎቱ ፊት ነው።

12 ሰዓት ከ20 ላይ ፀሐይ ወጣች። ከቀጥታው ምስራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ሸሸት ብላ ነው የምትወጣው፤ ወሩ ኅዳር ነው። ስልኬን ይዤ ጠበቅሁ። 12 ሰዓት ከ40 ሲሆን በአግድም የተነጠፈው ፓነል በራ። አንዲት ነጭ ነጥብ ናት፤ ግን ዓይን ታስጨፍናለች። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይታ ጠፋች። ዘንበል ያለው ፓነል ከዚያው ቦታ ሆኖ ጨርሶ አልበራም። ነጸብራቁ በጭንቅላታችን ላይ አልፎ ሄዷል።

ኢንጂነሩ በስልክ አስረዳኝ። በኅዳር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትወጣ ያዘነበለው ፓነል ብርሃኑን ወደ ላይ ይወረውረዋል። መስከረምና መጋቢት ላይ ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ከምስራቅ ትወጣለች። ያኔ ከወጣች ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ ነጸብራቁ ከዚህ ደጃፍ ላይ ያርፋል። አንድ ፓነል ሁለት ደቂቃ ነው የሚያበራው። መቶ ሄክታር ሲሆን ግን አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበራል። ብርሃኑ ከሜዳው ሩቅ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ቅርቡ እየተንሸራተተ ይመጣል። መስከረም የመስቀል ሰሞን ነው። መጋቢት ዐቢይ ጾም ነው። አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ «በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ» ቢል ቁጥሩ ልክ ነው። የትኞቹ ሰዓታት እንደሆኑ ግን ቁጥሩ አይናገርም።

ሰው ሁሉ «ፓነል ጥቁር ነው፣ ብርሃን ይውጣል እንጂ አይመልስም» ይላል። ፀሐይ ቀጥ ብላ ከላይ ስትመታው እውነት ነው፤ መስታወቱ የሚመልሰው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ጨረሩ ተጋድሞ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ80 ዲግሪ ያዘነበለ ጨረር ተራ መስታወት ላይ ሲያርፍ 40 በመቶ ገደማው ተመልሶ ይሄዳል። የማለዳ ፀሐይ ደግሞ ሁልጊዜም እንደተጋደመች ናት።

እማሆይን ጠየቅኋቸው። ነጥቧን አይተዋታል።

«ያቺ ምንድን ናት ልጄ?»

ነገርኳቸው። ዝም ብለው አሰቡና ወደ መንደሩ በእጃቸው አመለከቱ። «የዚያ ሰውዬ ቆርቆሮስ?»

እውነታቸውን ነው። አዲስ የለበሰ የአንድ ቤት ቆርቆሮ ከእኛ ፓነል ይልቅ ሲያብረቀርቅ ቆይቷል። ከማዶ የአበባ እርሻ ፕላስቲክ ቤቶችም ነጣ ብለው ይታያሉ። ሜዳው ድሮ እንደነበረው አይደለም፣ ወደፊትም አይሆንም። ይህን ሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለብኝ፤ አለዚያ ፍትሕ አይሆንም።

ጸሎቱ ሲያልቅ ቄሰ ገበዙ ሕንጻውን አስጎበኙኝ። ክብ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ምርጊቱ ጭድ የተቦካበት። ጣሪያው ጥንት ሣር ነበር፤ አሁን ቆርቆሮ ነው። በሰሜን በር አጠገብ ከጣሪያው ሥር ጀምሮ እስከ ጉልበቴ የሚወርድ ስንጥቅ አለ። ጣቴን አስገባሁበት፤ የመጀመሪያው አንጓ ድረስ ገባ። ጠርዙ ስለታም አይደለም፣ ለስልሷል፣ ሸረሪት አድርቶበታል። የቆየ ስንጥቅ ነው። ግን ዛሬም ይሰፋል ወይስ ቆሟል? ጄሶ አቡክተን ስንጥቁን አግድሞ የሚያልፍ ጣት የሚያህል ልጥፍ አደረግንበት። ሲደርቅ ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩበት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ይሰነጠቃል። ሌላ ማሽን አያስፈልግም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ካላወቅን፣ በኋላ «መኪናው ነው ያፈረሰው» እና «ድሮም የተሰነጠቀ ነበር» እየተባባልን እንቀራለን።

«አባ፣ ይህ በምን መጣ?» አልኳቸው።

«ውሃ ነዋ። ክረምት ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው። ቦይ ቆፍሩልን ብለን ስንት ጊዜ ጠየቅን።»

ከዚያ የሚያሳስባቸውን ነገሩኝ። ነጸብራቁ አይደለም። ፓነሉም አይደለም። ፕሮጀክቱ ለኤሌክትሪክ መስመሩ ሲል በኮረብታው ትከሻ ላይ መንገድ ሊያወጣ ነው የሚል ወሬ ሰምተዋል። መንገዱ ከደጀ ሰላሙ ሥር፣ ከመቃብሩ አጠገብ ያልፋል። ካርታውን ዘርግቼ አየሁ። ወሬ አይደለም። ቀጭን የተቆራረጠ መስመር ነው፤ ትርጉሙ ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

ፓነል ከመሬት ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ቢነሳ ነው። የከፍተኛ ኃይል መስመር ተሸካሚ ምሰሶ ግን ወደ ሠላሳ ሜትር ይቆማል። ከጉልላቱ ይበልጣል። ብረት ተሸክሞ የሚመላለስ መኪና ከጭቃ ግድግዳ ስድስት ሜትር ርቆ ሲያልፍ የሚያደርሰው ንዝረትም ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚቀበር ብረት እግር ጋር አይወዳደርም። የመዶሻው ንዝረት ራቅ ባለ ቁጥር ቶሎ ይሞታል። ረቂቁ ሪፖርት ስለ ፓነሎቹ ገጽ በገጽ ጽፎ ስለ መስመሩ በአንድ አንቀጽ ነው ያለፈው። ለእኔ ግን የደብሩ ዋና ጉዳይ ያ አንድ አንቀጽ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ከሜዳው ወጥተን ለንጽጽር ወደ አዳዲ ማርያም ሄድን። እዚያ ምንም የተጠየቀ ፕሮጀክት የለም። ለኢንጂነሩ አንድ ነገር ላሳየው ፈልጌ ነው። ወደ ዓለም ገና ተመልሰን የቡታጅራውን መንገድ ያዝን፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ተገንጥለን አቧራውን ገባን። ከአዲስ አበባ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከሩቅ ስትመጣ ቤተ ክርስቲያን አይታይህም። ዛፍና ሣር ነው። ቀረብ ስትል መሬቱ ይከፈታል፤ ከአለት ተፈልፍላ የወጣችው ደብር ከእግርህ በታች ናት። ካህናቱ ቅዱስ ላሊበላ ያነጻት ናት ይላሉ። በዙሪያዋ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ወርደህ ስትቆም ከሰማይ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ኢንጂነሩ ዙሪያውን ዞሮ ሲጨርስ ገባው። «በእኛ ካርታ ቢሆን ይህች ‹ተጽዕኖ የለም› ተብላ ታልፋለች» አለ። አዎ። የማይታይ ሁሉ የማይነካ ይመስለናል። አለቱ ላይ እጄን ሳሳርፍ ርጥበቱ ይሰማኛል። እንዲህ ያለ ሕንጻ የሚጎዳው በላዩ በሚያልፍ ውሃና በመሬቱ መነቃነቅ ነው። ከላይ ያለውን መሬት ደልድለህ፣ ሣሩን ገፈህ፣ የውሃውን መውረጃ ብትቀይርበት፣ አንድም ፓነል ሳይታይ ልትጎዳት ትችላለህ።

ወደ ዋናው መንገድ ተመልሰን መልካ ቁንጡሬ ጎራ አልን። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በሐምሌ 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። በአዋሽ ዳር ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ የሰው ልጅ አሻራ አለ። ከባልጪት ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ሰው መሣሪያ ሲያበጅ ኖሯል። የእኛ ሜዳም ያው የላይኛው አዋሽ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ብረት መሬት ውስጥ ሲቀበር ምን እንደሚገኝ ማን ያውቃል? ሕጉ አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ነገር ግን መዶሻ የሚመታ ማሽን ቆፍሮ አያወጣም፤ ሰባብሮ ይቀብረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ባለሙያ ሜዳውን በእግር ይዙር፣ በተመረጡ ቦታዎችም የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር ብዬ ጻፍኩ። ቀያሿ ሜዳው በጤፍ አጨዳ ሲገለጥ ጥሩ ጊዜ እንደሆነ አስታወሰችኝ። በሪፖርቱ ላይ የእሷ ሐሳብ ነው ብዬ አስገብቼዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ኢንጂነሩ በተራው እኔን ሊያሳየኝ የፈለገውን አሳየኝ። ከአቃቂ ወደ ደቡብ ወርደን አባ ሳሙኤል ገባን። ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። 6.6 ሜጋዋት። ዛሬ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ነው፤ በዘመኑ ግን የአዲስ አበባ መብራት ነበር። ለዓመታት ቆሞ በ2009 በቻይና እርዳታ ታድሶ ተነሳ። ሐይቁ ግን በደለል፣ በእምቦጭና ከከተማ በሚወርድ ቆሻሻ ታፍኗል። ግድቡ ላይ ቆመን ብዙ አወራን። ይህ ማመንጫ ራሱ አሁን ቅርስ ነው። ያኔ ሲሠራ ግን ሲያረጅ ማን ያነሳዋል፣ ማን ይጠግነዋል የሚል ውል መጻፉን አናውቅም። የሶላር ፓነል ዕድሜ 25 ወይም 30 ዓመት ነው። ሲያልቅ ብረቱን ማን ይነቅላል? መሬቱ እንዴት ወደ ጤፍ ይመለሳል? ገንዘቡ ዛሬ ካልተቀመጠ ያኔ ማንም አያወጣውም። ኢንጂነሩ ይህን አንቀጽ ራሱ ጻፈው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ከተማው ሲታጠን ዋለ። የ1911ዱን የኅዳር በሽታ አይቶ የተረፈ ሰው ዛሬ የለም፤ ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨሱ ግን አልቀረም። በዚህ ጭስ ከሩቅ ፎቶ ማንሳት አይታሰብም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ካርታ ስሠራ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ወደ ሜዳው ተመለስን። መጀመሪያ ድልድዩ። የጠላት ወረራ ዘመን ሥራ ነው ይላሉ የመንደሩ ሰዎች፤ ባለ አንድ ቅስት የጥርብ ድንጋይ ነው። ከሥሩ ገብቼ አየሁት። የቅስቱ ድንጋዮች ጥሩ ናቸው። ወንዙ ግን የግራውን እግር ሥሩን በልቶታል። የሶላር ፕሮጀክት ትልቁ ጭነት ፓነሉ አይደለም፣ ትራንስፎርመሩ ነው። በአስር ቶኖች የሚመዘን አንድ ዕቃ በአንድ መኪና ይመጣል። ይህን ድልድይ በዚያ ጭነት መሻገር አይቻልም። ከጎኑ በበጋ የሚያሻግር ጊዜያዊ መተላለፊያ መሥራት ይቻላል። ጋሼ ወዲያው ቦታውን አሳዩን፤ የት ጋ ወንዙ እንደሚሳሳ ከኢንጂነሩ በፊት አወቁት።

ከዚያ ያ ሰገነት ቤት። ከሁሉም በላይ የቆየሁት እዚህ ነው። ከታች የድንጋይ ካብ፣ ከላይ እንጨትና ጭቃ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየልማቱ እየፈረሱ ያለቁት ዓይነት። የአንድ መኳንንት ቤት ነበር ይባላል። አሁን የእህል መጋዘን ነው። ደረጃው ይንቋቋል፤ ቀስ ብዬ ወጣሁ። በረንዳው ከግራ ወደ ቀኝ ቤቱን በሙሉ ይዞታል። የእንጨቱ ጥልፍልፍ በእጅ የተፈለፈለ ነው፤ ቅጠሉ ከቅጠል አይመሳሰልም። አንዱ ጫፍ በምስጥ ተበልቶ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። በረንዳው ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፣ ወደ ሜዳው። ያሠራው ሰው ማታ ማታ ወንበሩን አውጥቶ አዝመራውን የሚያይበት ነው። ቤቱ የተሠራው ለዚህ እይታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያው የፓነል ረድፍ ከዚህ በረንዳ አምስት መቶ ሜትር ነው የሚጀምረው። ከዚህ ከፍታ ከኋላው ያሉት ረድፎች ተደራርበው አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ። ሜዳው የለም ማለት ነው። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ነጸብራቁም ወደዚህ ነው። ከተመለከትናቸው ሁሉ በፓነሉ የሚጎዳው ይህ ቤት ነው። ረቂቁ ሪፖርት ላይ ግን ስሙ የለም። በቅርስነት አልተመዘገበማ! መዝገብ ውስጥ ያለውን ብቻ ከቆጠርን፣ ሰው ገና ያላየውን ቅርስ ሳናየው እናጠፋለን። በ2005 እ.ኤ.አ. በቻይናዋ ሺያን ከተማ የወጣው የአይኮሞስ (የሐውልቶችና የቅርስ ቦታዎች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት) መግለጫ የቅርስ ዙሪያ ገባ ለቅርሱ ትርጉም አስተዋጽኦ እንዳለው ይናገራል። ይህን ቤት ከሜዳው ነጥሎ ለማሰብ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ኢንጂነሩ ዛፍ እንትከል አለ። ባህር ዛፍ በአራትና አምስት ዓመት ይደርሳል። ግን ባህር ዛፍ ለመቆረጥ ነው የሚተከለው፤ በተቆረጠ ቁጥር መጋረጃው ይነሳል። ወይራና ጽድ ይቆያሉ፣ ነገር ግን ለማደግ ዕድሜ ይፈልጋሉ። ደግሞስ በረንዳው ፊት የዛፍ ግድግዳ ብናቆም ያው እይታውን ዘጋነው። መፍትሔው ረድፎቹን ወደ ኋላ መሳብ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ተስቦ መሐል ላይ ያለው ጤፍ ቢቀር፣ በረንዳው ሜዳውን ያገኛል፤ የአንዳንድ ገበሬ መሬትም ይተርፋል። የጎደለው ፓነል በሰሜን በኩል ወዳለው የተራቆተ ግጦሽ ይሂድ። ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ማታ ድረስ አሰላ። ጥቂት ሜጋዋት ይጎድላል፣ ኬብሉ ይረዝማል፣ ግን ይሆናል። ዛሬ ወረቀት ላይ ስለሆነ ይሆናል። ብረቱ ከተቀበረ በኋላ አይሆንም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቅዳሴ አስቀድሰን ወጣን። ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። የአገር ሽማግሌዎች፣ ካህናቱ፣ ገበሬዎችና ጥቂት እናቶች ከደብሩ ሥር ካለው ዛፍ ተሰበሰቡ። በአማርኛም በኦሮምኛም ተነጋገርን፤ አንድ የመንደሩ መምህር ሁለቱን ያገናኝ ነበር። አዲሱን ካርታ መሬት ላይ ዘርግተን በድንጋይ ጫፍ ጫፉን ያዝነው። ሰው ተንበርክኮ የራሱን ማሳ ፈለገ።

የነገርናቸው ይህ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ በኮረብታው ትከሻ እንዳይሄድ፣ የአስፋልቱን ዳር ይዞ እንዲዞር ጽፈናል። ይረዝማል፣ ይወደዳልም። ለደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ያሉት ረድፎች በመስከረምና በመጋቢት እንዳያበሩ ማዘንበያቸው ይስተካከላል፤ ካልሆነ ከዚያ ቦታ ይነሳሉ። ከባድ መኪና በመቃብሩ በኩል አይገባም። የጎርፉ ቦይ ከሁሉም ሥራ አስቀድሞ ይቆፈራል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝቡ አስተያየት በሪፖርቱ እንዲካተት ያዛልና፣ የሚሉትን ሁሉ እንደተናገሩት እንጽፋለን።

ቄሰ ገበዙ ቦይ የሚለውን ሲሰሙ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። እማሆይ ምንም አላሉም። አንድ ገበሬ ስለ ካሳው ጠየቀ፤ መልሱ በእጃችን እንዳልሆነ ነገርነው። በዚህ አልተደሰተም፣ እኔም አልፈርድበትም።

ከዚያ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «ብረቱ በመሬታችን ያልፋል፣ መብራቱ አዲስ አበባ ይገባል። እኛስ? ቤታችን በኩራዝ፣ ደብራችን በጄኔሬተር?»

እውነት ነው። ከደብሩ ጓሮ አንዲት የደከመች ጄኔሬተር አለች፤ ለድምፅ ማጉያው ነው የምትነሳው። ከዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ደግሞ ስልክ የሚሞላባት ትንሽ ሶላር ታስራለች። የከፍተኛ ኃይል መስመር እንዲሁ በመንገድ ላይ ለመንደር አይቀነስም፤ ሌላ ትራንስፎርመርና ሌላ መስመር ይፈልጋል። ኢንጂነሩ ይህን አስረዳ። አዛውንቱ ሰምተው ሲያበቁ «እሺ፣ እሱንም ጻፉት» አሉ።

ኢንጂነሩ ዘወር ብሎ ይህ የቅርስ ጉዳይ እንዳልሆነ በጆሮዬ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ሰው ያልኖረበት ደብር ሊጠገን እንደማይችል፣ ሰውም በጨለማ ከተተወ ልጆቹ ወደ ከተማ እንደሚሄዱ መለስኩለት። ጥቂት ተከራከርን። በመጨረሻ የመንደሩ መብራት ከመስመሩ ጋር በአንድ ጊዜ እንዲዘረጋ የሚል ምክር አስገባንና ሁለታችንም ፈረምን። አዛውንቱ አንድ ቅጂ ይድረሰን ብለው ጠየቁ፣ ማኅተም ያለበት። ቅጂው ሐሙስ ከጋሼ ጋር ይላካል።